ሕፃኑ ሳይታመም እንማከር

ለርስት ክርክር አስቀድሞ ጠበቃ ይፈለጋል፤ ለሠርግ ቀን ከብዙ ወር በፊት ሽማግሌ ይላካል፥ ጠላ ይጠነሰሳል፥ ድንኳን ይታሰባል። ሕፃን ልጅ የታመመ እንደ ሆነ ግን ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የሚመክር ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ምክሩ የሚጀመረው ሕፃኑ በሌሊት ሲያቃስት፥ እናቲቱ እንቅልፍ አጥታ ስታለቅስ፥ አባትዮው ደግሞ «ነገ በጥዋት ሥራ አለብኝ» እያለ ሲገላበጥ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ምክር የተነገረ ይመስለናል።

ይህነን የምንጽፈው ሌላውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። በገዛ ቤታችን የሆነውን፥ ያጠፋነውንም ጥፋት ሳንሸሽግ ብንናገር ምናልባት ለአንድ ሕፃን ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

እኛ በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ዳዊት የደገምን፥ ከዚያም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባን፥ ዛሬም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ነን። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ስለ ሰው ሰውነት ስንማር የአፍንና የጉሮሮን ሥዕል በደብተራችን ሥለን፥ ከላንቃው ጫፍ ከተንጠለጠለችው ትንሽ ሥጋ አጠገብ «እንጥል» ብለን ጽፈን ነበር። መምህሩም መልካም ነው ብለው በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውልን ነበር። ዳሩ ግን ያ ትምህርት በተፈለገበት ቀን ከደብተሩ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበኵር ልጃችን አንድ ዓመት ከሁለት ወር በሆነው ጊዜ፥ በክረምት መግቢያ፥ ሳልና ትኩሳት ያዘው። ሁለት ቀን ሙሉ ጡት እንደ ወትሮው አልጠባም፤ ምራቁን ሲውጥ እንኳ ያለቅስ ነበር። አማታችን ከእኛ ጋራ ይኖራሉና በሁለተኛው ሌሊት የሕፃኑን አፍ ከፍተው በመብራት ተመለከቱና «እንጥሉ ወርዳበታለች፤ ነገ ወጌሻ ካልቈረጣት ታንቆ ይሞታል» አሉ። ባለቤታችንም ምንም ሳትናገር ወደ እኛ ተመለከተች።

ሐኪም ዘንድ መውሰድ እንደሚገባ በልባችን እናውቅ ነበር። ነገር ግን ሰባት ልጆች የወለዱ እናት ሲናገሩ አንድ የመዝገብ ጸሐፊ ምን ይመልሳል አልን፤ ይልቁንም በማግሥቱ ቀጠሮ የደረሰበት ብዙ መዝገብ ይጠብቀን ነበር። ስለዚህ «እንግዲህ እናንተ እንደሚሻል አድርጉ» ብለን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ያ ቃል በዚያን ጊዜ አክብሮት መስሎን ነበር፤ ኋላ ስንመረምረው ግን ፍርሀትና ስንፍና ሆኖ አገኘነው።

በማግሥቱ ወደ ቀትር ገደማ ስልክ ተደወለልን። ወጌሻው ሥራውን ፈጽሞ ሄዷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ከቢሮ ሮጠን ስንደርስ ሕፃኑ በእናቱ ዕቅፍ ውስጥ ነበር፤ ነጭ ቀሚሷም ከደረቱ እስከ ወገቡ ቀልቷል። አማታችን ከደጃፉ ቆመው እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ነበር። በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በመንገዱ ሁሉ ድምፁ እየደከመ ሄደ፤ ማልቀሱ ያስፈራን ልጅ ኋላ ዝም ማለቱ ይበልጥ አስፈራን።

ደሙ የቆመው ወደ ማታ ነው። ከዚያ በኋላም ቍስሉ እንዳያመረቅዝ ተብሎ አራት ቀን ተኛ። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ሕፃኑን ከረዳች በኋላ ወረቀት አውጥታ ትጠይቀን ጀመር። መቼ ታመመ? ማን ቈረጠው? በምን ቈረጠው? በመጨረሻም «አባት በዚያ ጊዜ የት ነበሩ?» አለች። «ሥራ ላይ ነበርን» አልን። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ያልነውን ጻፈች። የሰውን ቃል ሲጽፍ የሚኖር ሰው የገዛ ቃሉ ሲጻፍበት ምን እንደሚሰማው በዚያ ቀን ዐወቅን።

ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይሮጣል፥ ይማራል፥ ይስቃል። ይሁን እንጂ ሐኪም «አፍህን ክፈት» ባለው ቍጥር ሁለት እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። የሆነውን ነገር በአእምሮው ሊያስታውሰው አይችልም፤ ሰውነቱ ግን አልረሳውም።

ወደ ሥራችን በተመለስን ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አነሣን። ሕጉ ዘወትር በእጃችን የምንይዘው፥ አንቀጹን እየጠቀስን የምንጽፍበት ነው። በአንቀጽ 561 እና በአንቀጽ 562 በጐጂ ልማድ ምክንያት በነፍሰ ጡር ሴትና በሕፃን ላይ ሞትን ወይም የአካል ጉዳትን ያደረሰ ሰው እንደሚቀጣ ተደንግጓል። ከነዚህም ልማዶች መካከል የሕፃን እንጥል መቍረጥ፥ የወተት ጥርስ መንቀል፥ አራስ ልጅን ቅቤ ማዋጥና ከፀሐይ መከልከል፥ ሕፃን እንዳይከተብ ማድረግ ተቈጥረው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ቃል ከወንበራችን ሁለት ክንድ በማይርቅ ስፍራ ተቀምጦ ሳለ፥ ነገሩ በቤታችን ተፈጸመ። ስለዚህ ዕውቀት በመደርደሪያ መቀመጡ ብቻ ልጅን እንደማያድን ተረዳን።

እንጥል ምን እንደ ሆነች ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሐኪሞች እንደሚነግሩን እንጥል ትርፍ ሥጋ አይደለችም። ስንውጥ ከላንቃው ጋራ ወደ ላይ ተነሥታ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ትረዳለች፤ ጉሮሮንም ታረጥባለች። ጉሮሮ ሲቈስል በዙሪያዋ ካለው ሥጋ ጋራ አብራ ታብጣለች፤ «ወረደች» የምትባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ እብጠቱ የሕመሙ ምልክት እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ቤት ሲቃጠል ጢሱን በሰይፍ ቢመቱት እሳቱ ይጠፋልን? የተቈረጠ ሕፃን ሳሉ ቢተወው ጉሮሮው በራሱ ጊዜ ስለ ዳነ ነው፤ ምስጋናው ግን ለምላጩ ይሰጣል።

ጉዳቱ ደግሞ ደም መፍሰስ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ልጅ የሚዘዋወር ስለት መንጋጋ ቈልፍን፥ የጉበት በሽታን፥ ኤች አይ ቪንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ እውነተኛው ሕመም ሳይታከም ይቀራል። ይልቁንም ከአምስት ዓመት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አንዳንዱ የጉሮሮ ቍስል በመድኀኒት ካልተሻረ ውሎ አድሮ የልብን በር የሚያበላሽ በሽታ ያመጣል። ለዚህ የሚሆነው መድኀኒት ፔኒሲሊን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ፥ ዋጋውም ብዙ ያልሆነ ነው። ስለት ያልደረሰበትን ሕመም ያድናል።

አሁን ጥፋቱን ሁሉ በአማታችን ላይ እንጭን እንደ ሆነ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች ሦስቱን የቀበሩ እናት ናቸው። በልጅ አልጋ አጠገብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን አያውቁም፤ አንድ ነገር ካልተደረገ ልጁ ይሞታል ብለው ያምናሉ፤ በእጃቸው የነበረው ነገር ደግሞ ወጌሻው ብቻ ነበር። ልጆቻቸውን ባሳደጉበት አገር ሐኪም ቤት የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። ስለዚህ ያዘዙት ነገር ከፍቅር የመጣ ነው። ፍቅር ግን ዕውቀት ሲለየው እንደ ስለቱ ይቈርጣል። በቤቱ ውስጥ ዕውቀቱ ያለን ሰዎች እኛ ነበርን፤ እኛም ዝም አልን።

ይኸውም ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ ባለቤታችን ሁለተኛ ፀነሰች። በዚህ ጊዜ ምክራችንን ከመውለጃዋ ሁለት ወር አስቀድመን ለማድረግ ቈረጥን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ አማታችን በክብር ስፍራቸው ተቀመጡ፤ የንስሐ አባታችንም ተጠርተው መጡ። እኛም እንደ ሥራችን ልማድ ወረቀት አውጥተን ሦስት ርእስ ጻፍንበት። የመጀመሪያው «የሚጠበቅ»፥ ሁለተኛው «የሚተው»፥ ሦስተኛው «የሚጠየቅ» የሚል ነው።

«የሚጠበቅ» በሚለው ሥር ብዙ ነገር ተጻፈ፤ አማታችንም ይህነን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አራሷ ከሥራ ዐርፋ ትቀመጣለች። ገንፎውና አጥሚቱ አይጓደልባትም። ጎረቤት እንደ ወጉ ይጠይቃታል። ልጁ በአንቀልባ ይታዘላል፥ እሹሩሩ ይባላል፤ ክርስትናውም በቀኑ ይሆናል። ከእናቶቻችን የተቀበልነው መልካም ነገር ሲጻፍ ከግማሽ ገጽ በላይ ሆነ። ይህን አስቀድመን መጻፋችን ጠቀመን፤ ሰው የሚያከብረው ነገር እንዳልተናቀበት ካየ የቀረውን በትዕግሥት ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ወደ «የሚተው» ደረስን። መጀመሪያ የተነሣው ቅቤ ማዋጥ ነው። ለአራስ ልጅ ጡት ብቻ እንደሚበቃው፥ እስከ ስድስት ወር ድረስ ውሃም አብሽም ቢሆን እንደማያስፈልገው፥ ቅቤው ወደ ሳንባ ቢገባ ሕፃኑን እንደሚያሳምመው ተናገርን። አማታችንም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ቅቤው ምን ይሁን?» አሉ። ባለቤታችንም ሥቃ «እማዬ፥ ለእኔ ይሁን!» አለች። ስለዚህ ቅቤው ከቤት አልተሰደደም፤ ከሕፃን አፍ ወደ እናቲቱ ገንፎና ወደ እናቲቱ ራስ ተዛወረ እንጂ።

ሁለተኛው የእንገር ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወተት ቈሻሻ ነው ተብሎ በብዙ ስፍራ ታልቦ ይጣላል። ሐኪሞች ግን ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይህነኑ እንዲጠባ ያዛሉ፤ በሽታን የሚከላከል ኀይል ያለው በርሱ ውስጥ ነውና። እኛ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አዘጋጅተን ነበር። አማታችን ግን በገበሬ ቤት ያደጉ ናቸውና ሳንጨርስ አቋርጠውን «ጥጃስ እንኳ እንገሩን ካልጠባ መቼ ይጸናል!» አሉ። ነገሩን በላም ሲያውቁት የኖሩትን በሰው ላይ ሳያስቡት ቀርተው ነበር። ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ሦስተኛው ሕፃንን በጨለማ ቤት መሸሸግ ነው። ከሰው ዐይን ለመጠበቅ ተብሎ ጠቅልለው በጓዳ የሚያኖሩት ልጅ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያጣ አጥንቱ ሳይጠነክር ይቀራል፤ እግሩ ይጐብጣል፥ ጥርሱም ይዘገያል። ስለዚህ በየጥዋቱ ፀሐይ ሳትበረታ ለጥቂት ጊዜ ገላው ፀሐይ እንዲያገኝ ተስማማን። «ሰው እንዳያየው በጓሮ በኩል ይሁን» ሲሉ አማታችን ጠየቁ፤ እኛም እሺ አልን። ፀሐይዋ በጓሮም ያችው ፀሐይ ናትና።

አራተኛውና አምስተኛው እንጥል መቍረጥና ግግ ማስወጣት ናቸው። ስለ እንጥል ማንም የተናገረ የለም፤ ጽፈን አለፍን። ስለ ግግ ግን ተነጋገርን። ጥርስ በሚያበቅልበት ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሰው ግን ምክንያቱ ድዱ ነው ብሎ ያስቈርጠዋል። ድዱ ሲቈረጥ ከሥር ያለው የኋለኛው ጥርስ ይበላሻል፤ ተቅማጡም አይቆምም። ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው ውሃውን አፍስሶ ስለሚያደርቀው ነው፤ ስለዚህ መድኀኒቱ የፈሰሰውን መተካት ነው። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፥ ጡቱንም አለማቋረጥ፥ ከጤና ጣቢያም ዚንክ የተባለውን እንክብል መቀበል ያስፈልጋል። ሁለት ከረጢት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቡናው ሙዳይ አጠገብ ተቀምጦ ይኖራል።

«የሚጠየቅ» በሚለው ሥር የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ አስቸገረን። የሕፃናት ክትባት ልክ እንደ ተወለዱ ይጀመራል፤ ቀጥሎ በ45 ቀን፥ በሁለት ወር ተኩል፥ በሦስት ወር ተኩል ይሰጣል፤ የኩፍኙ ደግሞ በዘጠኝ ወርና በዐሥራ አምስት ወር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ የ45 ቀኑ ክትባት አያጣላም። ሴት ልጅ ግን ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። አማታችንም «ሴት ከሆነች ሳትጠመቅ ከደጅ አትወጣም፤ ሰማንያ ቀን ቢጠበቅ ምን አለ?» አሉ።

እኛም በእውነት መልስ አልነበረንም፤ የንስሐ አባታችንን ተመለከትን። እርሳቸውም ፍንጃሉን አስቀምጠው እንዲህ አሉ። «የሰማንያው ቀን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ስለ መግባት ነው፤ ሐኪም ቤት ስለ መሄድ አይደለም። ደግሞስ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም የያዘው ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቅ የለምን? እንግዲህ ሥርዓቱ ራሱ ከቀን ቍጥር ይልቅ ነፍስን ያስቀድማል።» አማታችን ዝም አሉ፤ ነገር ግን ዝምታቸው የእሺታ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር።

በዚህን ጊዜ ባለቤታችን የእናቷን ነጠላ ገለጥ አድርጋ በግራ ክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳየችንና «እማዬ፥ ይህን እስቲ ንገሪያቸው» አለች። አማታችንም መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ኋላ ግን ተናገሩ። ልጅ ሳሉ የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ አገራቸው በእግር መጡ። የመንደሩ ሰው ግማሹ ልጁን ይዞ ወደ ቈላ ሸሸ። «አባቴ ግን እጄን ይዞ ከዋርካው ሥር አቆመኝ። እናቴ ሦስት ቀን አላነጋገረችውም» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «በዚያው ዓመት የሸሹት የጎረቤቶቻችን ልጆች በፈንጣጣ አለቁ» ብለው ነጠላቸውን መለሱ።

በአገራችን ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታቢዎቹ በበቅሎና በእግር ተራራውንና በረሀውን ዞሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት በአገራችን የሕፃናት ክትባት በመርሐ ግብር ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገ ጥናት ከአንድ ሺሕ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ገልጦ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ግን 67 አገኘ። ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ዳሩ ግን ሦስት ልጅ ለቀበረች እናት ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ቀን ከአማታችን ፊት አነበብነው። ክትባት ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር መስሎን ነበር፤ ለካ በቤታችንም የቈየ የአያት ውርስ ኖሯል።

የተወለደችው ሴት ልጅ ሆነች። በ45ኛው ቀን ጥዋት ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስንነሣ አማታችን ከእኛ ቀድመው ለብሰው፥ ጥላቸውን ይዘው ከበራፉ ቆመው አገኘናቸው። ሕፃኗን ማንም እንዳያያት ጥላውን ዝቅ አድርገው ይዘው ከእናቲቱ ጎን ጎን ሄዱ። መርፌው ሲወጋት ልጂቱ ጮኸች፤ አማታችንም ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ከዚያም ካርዱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ እኛ ለመያዝ ብንጠይቅ አልሰጡንም። ዛሬ ያ ካርድ ከቤቱ ካርታና ከጋብቻ ውላችን ጋራ በአንድ ሣጥን ይቀመጣል። በ80ኛዋም ቀን ልጂቱ ክርስትና ተነሣች፤ ሁለቱም ቀን በየስፍራው ተከበረ።

ስድስት ወር በሞላት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ተነሣ፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበረ። ከስድስት ወር በኋላ ጡት ብቻ አይበቃም፤ ከጡቱ ጋራ ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ፥ እንቍላል፥ ወተት፥ የተፈጨ አትክልት ያስፈልጋል። ሕፃን ጾም የለበትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በብዙ ቤት የጾሙ ድስት እንዳይነካ ተብሎ በጾም ወራት እንቍላልም ወተትም ወደ ወጥ ቤት አይገባም፤ ሕፃኑም ሳይታሰብ ከትልልቆቹ ጋራ ይጾማል። እኛ ግን ለልጂቱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ገዝተን በተለየ ስፍራ አኖርን። በእንዲህ ያለ ጥቂት ገንዘብ ጾሙም ልጂቱም ተጠበቁ። ከወረቀታችን ላይም «የልጅ ድስት» ብለን ጨመርን።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ከፍ ያለ ሥራ የያዛችሁ የቤት አባቶች ናችሁ። ልጅን ማሳደግ የሴቶች ሥራ ነው እየተባለ ስንሰማ አደግን። ይሁን እንጂ አባት «እንደሚሻል አድርጉ» ብሎ ሲወጣ ሸክሙን ከጫንቃው አወረደ እንጂ ለሚስቱ ሥልጣን አልሰጣትም። እናት አንድዋን ወገን እናቷን፥ ሁለተኛውን ወገን ሐኪሙን ሰምታ በመካከል ብቻዋን ስትቀር ከድካሟ የተነሣ ለቀረባት ትታዘዛለች። እኛም ያንን ሌሊት ስናስብ ከወጌሻው ይልቅ የገዛ ጀርባችን ይታየናል።

ስለዚህ ልጅ የምትጠብቁ ሁሉ አስቀድማችሁ ተማከሩ፤ አያቲቱም በምክሩ ላይ ትቀመጥ፤ የሚጠበቀውን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ለሌሊት የሚሆን ጥቂት ገንዘብና የባለ መኪናውን ስልክ በታወቀ ስፍራ አኑሩ። ሕፃን ጡት ወይም ውሃ አልወስድም ያለ እንደ ሆነ፥ የዋጠውን ሁሉ ቢያስመልስ፥ ቢያንቀጠቅጠው፥ ቢፈዝ ወይም ልትቀሰቅሱት ቢያስቸግር፥ ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም ሲተነፍስ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ፥ እስኪነጋ አትጠብቁ፥ ሌላም ምክር አትጀምሩ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ያ ወረቀት ዛሬ ከጓዳው በር በስተኋላ ተለጥፎ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ከጎረቤት አንዲት ወጣት እናት ሳል የያዘውን ልጇን ታቅፋ ወደ አማታችን መጥታ ወጌሻ እንዲጠሩላት ለመነቻቸው። አማታችንም ሕፃኑን ተቀብለው ትንፋሹን አዳመጡና የበኵር ልጃችንን ጠርተው «ና፥ ጥላዬን አምጣልኝ» አሉት። ከዚያም እናቲቱን አስከትለው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ልጃችን ጥላውን ካቀበላቸው በኋላ ከደጃፉ ቆሞ እስኪሰወሩ ድረስ ተመለከታቸው፤ እኛም በዚያ ቀን ቤት ነበርንና አጠገቡ ቆምን።